የዳንቴል መጋዘኑ ጸሎት ቤት

እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም የደረሰ ሰው ሌስ ማርኬት የሚባለውን የጥንት የዳንቴል ነጋዴዎች ሰፈር ሳያይ ባይመለስ ደስ ይለኛል። እዚያ፣ ስቶኒ ስትሪት ላይ፣ የአዳምስ ሕንፃ አለ። በ1855 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሲከፈት የዳንቴል መጋዘን ነበር፤ መልኩ ግን የመኳንንት ቤት ነው። አርክቴክቱ ቶማስ ቻምበርስ ሃይን ቀዩን ጡብ በጥርብ ድንጋይ አስጊጦታል፤ መግቢያውንም ከመንገዱ ገባ አድርጎ ፊት ለፊቱ ግቢ ሰጥቶታል። ዕቃ ለሚከማችበት ቤት ይህ ሁሉ ክብር!

የላይኛው ፎቅ በትልልቅ መስኮቶች የተሞላው ለጌጥ አይደለም። በነጭ ዳንቴል ላይ የተበጠሰች አንዲት ክር ለይቶ ለመጠገን የቀን ብርሃን የግድ ነው። ብርሃኑን ለሥራው የሰጠ ሕንፃ፣ ምድር ቤቱን ደግሞ ለጸሎት ሰጠ። ባለቤቱ ቶማስ አዳምስ ሃይማኖተኛ ሰው ነበርና ሠራተኞቹ ማለዳ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በቄስ መሪነት የሚጸልዩበት ቤት እዚያው አሠራላቸው።

ሠራተኛውን ለማስገበር ነው የሚል አይጠፋም፤ ትንሽ እውነት ሊኖረው ይችላል። ግን ቤተ መጻሕፍትና ሻይ የሚጠጣበት ክፍልም ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህን ያሰበ አሠሪ ጥቂት ነው። ጡብና ድንጋዩ ቢፈርስ ኖሮ ይህን ሁሉ በወረቀት ብቻ እናነብ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሕንፃው ታድሶ ኮሌጅ ገባበት፤ ላደሱት ሰዎች ምስጋና ይገባል።