ሕመሙ የተወው ጥርስ

ከሮቤ፣ ከዲንሾ ወይም ከአጋርፋ ተነስቶ ጎባ ድረስ ጥርሱን ሊታከም የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የቻለውን ሁሉ ሞክሮ የመጣ ነው። ቅርንፉድ ነክሷል፣ በአረቄ ተጉመጥምጧል፣ ከመድኃኒት ቤት ጥቂት ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ውጧል። ጉንጩን በፎጣ ጠምጥሞ እያቃሰተ የሚገባው ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ «ጥርሱስ ትቶኛል፣ አሁን ራሴን ነው የሚያመኝ» የሚለው ነው።

የተቦረቦረ ጥርስ ሕመሙን የሚተወው ስለዳነ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ነርቭ ሲሞትም ይተዋል። ባክቴሪያው ግን በሥሩ ጫፍ በኩል አጥንት ውስጥ ገብቶ መግል ይሠራል። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር ከሳይነስ ጋር ይጎራበታል፤ የፊት ደም መላሾችም ከራስ ቅል ውስጥ ካሉት ጋር ይገናኛሉ። ባክቴሪያው በእነዚህ መንገዶች አንጎል ሊደርስ ይችላል፤ በደም ዝውውር ርቆ የሚሄድም አለ። እንደ ስትሬፕቶኮከስ አንጂኖሰስና ፊውሶባክቴሪየም ያሉት ባክቴሪያዎች በደህናው ጊዜ አፋችን ውስጥ ጉዳት ሳያደርሱ ይኖራሉ፤ አንጎል ከደረሱ ግን መግል ይቋጥራሉ። ይህ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲያጋጥም ግን ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ራስ ምታት ያለበትን ታካሚ አፉን ከማስከፈቴ በፊት «አባባ፣ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ሁለቱንም እጅዎን ይዘርጉ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ» እላለሁ። ለጥርስ የመጣ ሰው ግራ ይገባዋል፤ የሚስቅም አለ። አንደኛው እጅ መዳፉ ወደ ውስጥ እየዞረ ቀስ ብሎ ከወረደ ግን ጉጠቱን አስቀምጬ ሐኪም እጠራለሁ። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የአንድ ወገን መዛል ተሟልተው እስኪመጡ መጠበቅ አያዋጣም፤ ሦስቱ የሚሟሉት ከግማሽ በታች በሆኑት ታማሚዎች ላይ ነው። ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳትም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሲቲ ስካን ይቀድማል።

ሕክምናው ረጅም ነው፦ ሴፍትሪአክሶንና ሜትሮኒዳዞል ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም መግሉን የሚቀዳ የአንጎል ቀዶ ሐኪም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ሙያ ሥልጠና የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ነው፤ ከጎባ አዲስ አበባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መግሉ ተቀድቶም ምንጭ የሆነው ጥርስ አፍ ውስጥ ከቀረ ሥራው አላለቀም። ለዚህ ነው ሕመሙ የተወውን ጥርስ ሳላይ ታካሚ የማልሸኘው፤ እዚሁ በአንድ ጠዋት የሚነቀል ጥርስ ያን ሁሉ መንገድ ሊያስቀር ይችላል።