ጓዳ የገባው አባት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወጣቶች ኅብረታችን «ዘ ሶሻል ዲሌማ» የተባለውን ፊልም በፕሮጀክተር አየን። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ስላየሁት የት ላይ እንደሚሳቅ፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል የማውቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ትልቅ ቦታ ግን ስቼ ኖሯል፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ላላያችሁት፦ ፊልሙ የጄፍ ኦርሎውስኪ ሥራ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በኔትፍሊክስ ተለቀቀ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሁለት ነገር በአንድ ላይ ተሰፍቶበታል። አንደኛው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ጉግል፣ ፌስቡክ፣ ትዊተርና ፒንተረስት ውስጥ የሠሩ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው በገዛ እጃቸው የሠሩትን ይናገራሉ። ሌላው ድራማ ነው፤ አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ፣ ስልኩን መተው ያቃተው ቤን የሚባል ጎረምሳ፣ ታናሽ እህቱ አይላ።

ዘጋቢው ክፍል ጠንካራ ነው። ከጉግል የወጣው ትሪስታን ሃሪስ ስልክን ከቁማር ማሽን ጋር ሲያነጻጽር ወጣቶቹ ወንበራቸው ላይ ሲቁነጠነጡ አየሁ። ገጹን በጣታችን ወደ ታች ስበን ስንለቅ አንዳንዴ አዲስ ነገር ይመጣል፣ አንዳንዴ ምንም የለም። ሁልጊዜ ቢመጣ በሰለቸን፤ ፈጽሞ ባይመጣ በተውነው። ደጋግመን እንድንስብ የሚያደርገን ምን እንደሚመጣ አለማወቃችን ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዱ የሆነው አዛ ራስኪን ደግሞ ገጹ ማለቂያ እንዳይኖረው ያደረገውን አሠራር የፈለሰፈ ሰው ነው። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ ስብከት እንኳ (አንዳንዱ ቢያጠራጥርም) በመጨረሻ «አሜን» አለው። ይህ ግን የለውም። «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለን ገብተን ሌሊቱን የምናጋምሰው ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ድራማው ግን ይደክማል። ከቤን ስልክ በስተጀርባ ሦስት ሰዎች መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ቆመው «አሁን ይህን እንላክለት» ሲባባሉ እናያለን፤ ሦስቱንም የሚጫወተው አንድ ተዋናይ ነው። ለማስረዳት ይጠቅማል። ወጣቶቹ ወዲያው ገባቸው፤ አንዱ ወንድማችንም ከኋላ «ይሄማ ጠላት ነው!» ብሎ ጮኸ፣ እኛም «አሜን» አልን። ሲቀዘቅዝልኝ ግን በአሜኔ አፈርኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው የለም። ያለው ስሌት ነው፤ ዓይናችንን ረዘም አድርጎ የሚይዘውን እየመረጠ ያቀርባል፣ ያ ጊዜያችን ለማስታወቂያ ይሸጣል። ስሌቱ አይጠላንም፣ አያውቀንምም። ክፉ ፊት ስንሰጠው ጥፋቱን ሁሉ ለእርሱ አሸክመን እኛ ነጻ እንወጣለን። በዚህ በኩል የእኛ አብያተ ክርስቲያናትም ፈጣኖች ነን።

ወደ ሳትኩት ቦታ ልምጣ። እናትየው እራት ሲቀርብ የሁሉንም ስልክ ሰብስባ ሰዓት ተሞልቶለት በሚቆለፍ ዕቃ ውስጥ ትከታለች። ጥቂት ሳይቆይ ትንሿ አይላ ዕቃውን ትሰብረዋለች። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አንዲት እህታችን ብቻ አልሳቀችም። በኋላ ወንበር ስንደራርብ ቀረብ አልኳት።

«ቲቸር፣ እኛ ቤት ይሄ ቢደረግ የሚቆለፈው እማዬ ላይ ነው» አለችኝ።

እናቷ ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን የምታገኘው ማታ የቤቱ ሥራ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ እነርሱ እራት ሳይበሉ ይጠብቋታል፤ ስትደውል ስልኩን ከውሃው ጆግ ጋር አስደግፈው እርሷ እያየቻቸው ይበላሉ። «ምነው አንተ አልጎረስክም?» ትለዋለች ትንሹን ልጅ። እርሱም ከስክሪኑ ፊት አፉን ከፍቶ ያሳያታል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ፊልሙ ጠቦ ታየኝ። በፊልሙ ቤት ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር አሉ፤ ስልክ የሚያውቀው መውሰድ ብቻ ነው። ከእናቱ ጋር በስልክ የሚበላ ልጅ በዚያ ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም። ፈረንጅ ስለ ራሱ ቤት መሥራቱን አልነቅፍም፤ መድኃኒቱን ሳንመረምር ብንቀዳው ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። ደግሞ ሞክረነዋል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ስልክ መውሰድ ብቻውን ቤተሰብን የሚሰበስብ ቢሆን ኖሮ ያኔ በተሰበሰብን ነበር። እኔ ቤት የጨመረው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ነው። በሰፈራችን ደግሞ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ እናቶች እንቅልፍ አጡ።

ታዲያ ፊልሙ ከንቱ ነው? አይደለም። ከድራማው ሁሉ የሚበልጥ አንድ ቦታ አለው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ራሱ ፊልሙም ያገኘውን ነገር ያስተዋለ አይመስለኝም። ቲም ኬንዳል ፌስቡክ ውስጥ ገቢ የሚገኝበትን መንገድ ይመራ የነበረ፣ በኋላም የፒንተረስት ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው። ቤት ሲገባ ፍቅሩንና ትኩረቱን የሚሹ ሁለት ትናንሽ ልጆች እያሉት፣ ጓዳ ገብቶ ስልኩ ላይ ኢሜይል ይጽፍ እንደ ነበር ይናገራል። ወጥመዱን ቀን ቢሮ ውስጥ ሲሠራ ውሎ ማታ ራሱ ይያዝበታል። ድራማው የሚከተለው ስልክ የያዙ ልጆችን ነው፤ እዚህ ግን ጓዳ የተደበቀው አባት ነው።

እኔ ጓዳ አልገባም፤ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምቀመጠው። የእሑድ ትምህርቴን በስልክ ነው የማዘጋጀው፤ መጽሐፍ ቅዱሱም፣ ማብራሪያውም፣ ማስታወሻዬም እዚያ ነው። የስድስት ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ፌስቡክ ነው?» ስትለኝ «ቃሉን እያነበብኩ ነው» ብዬ ተቆጣኋት። እውነቴን ነበር፤ የዚያን ሰዓት። ግን እርሷ በምን ታውቃለች? አባቴ ወረቀቱ የተበጫጨቀ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲከፍት እኔ ማንበብ ሳልችል በፊት ምን እንደ ያዘ አውቅ ነበር። የስልክ ጀርባ ግን መዝሙረ ዳዊት ሲነበብበትም ቲክቶክ ሲታይበትም ያው ነው። በዘዳግም 6 ቃሉ በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድም ስንሄድ ለልጆች እንዲነገር ታዟል፤ የእኔ ልጅ ግን አባቷ ቤት ተቀምጦ የምታየው የስልክ ሽፋን ነው። ፊልሙ ይህን አይነካውም። እርሱ የሚከሰው ገጹ ላይ ያለውን ነው፤ ከገጹ ወዲህ ስላለው፣ ከፊት ለፊታችን ስለ ተቀመጠው ሰው ብዙ አይናገርም።

ሐዋርያው ዮሐንስ ሁለተኛውን መልእክቱን ሲጨርስ ብዙ የሚጽፈው እንዳለው፣ ነገር ግን በወረቀትና በቀለም ሳይሆን መጥቶ ፊት ለፊት ሊነግራቸው ተስፋ እንደሚያደርግ ይገልጻል። ሦስተኛውንም እንዲሁ ይዘጋል። ደብዳቤን አልናቀም፤ ጽፎአልና ዛሬ እናነበዋለን። ግን አልበቃውም። እነዚያ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው ይህችን ሚዛን አንዳቸውም አላነሷትም። ዐረብ አገር ያለችው እናት ታውቃታለች፤ ትናንትም ለልጇ «ስመጣ እነግርሻለሁ» ብላ ያስቀረችው ነገር እንዳለ እህታችን ነግራኛለች።

በመጨረሻ የሚሰጡት ምክሮች፣ ማሳወቂያ ማጥፋት፣ ስልክ መኝታ ክፍል አለማስገባት፣ ጥሩ ናቸው፤ ተጠቀሙባቸው። (ምክሩ ገና ሳያልቅ ኔትፍሊክስ ቀጣዩን ፊልም ይጋብዛችኋል፤ ሳቁና አጥፉት።) ፊልሙንም እዩት፤ ከተቻለ ከወላጆቻችሁ ጋር፣ የኬንዳል ቦታ ላይ አቁማችሁ።

እኛ ለወላጆች ደግመን ልናሳየው ወስነናል። ፕሮግራሙን ከምሽቱ 12 ሰዓት ልናደርገው አስበን ነበር፤ እህታችን ግን ወደ 9 ሰዓት እንድናመጣው ለመነችን። አባቷ ደግሞ ማታ ስልኩ ሲደወል ቤት መሆን አለባቸው።