ሁለተኛው መስመር ሲመጣ

ለትንሽ የኢንተርኔት አቅራቢ የራውቲንግ ሶፍትዌር መምረጥ በአገራችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ ጥያቄ አይነሳም ነበር። የመውጫው በር አንድ፣ ባለቤቱም ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ሳለ ራውተሩ ላይ አንዲት ትእዛዝ መጻፍ ይበቃል፤ የማታውቀውን አድራሻ ሁሉ ወደዚያ ላክ የምትል። ዛሬም አንድ መስመር ብቻ ላለው ድርጅት ምክሬ ይኸው ነው። አቅራቢዎች መንገድ የሚለዋወጡበት ቢጂፒ የተባለው ፕሮቶኮል አያስፈልገውም፤ ከተከለው ትርፉ ጣጣ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ቴሌኮሙን ለሌላ ኦፕሬተር ከከፈተው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወዲህ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ በኋላ ከሁለት ኦፕሬተር መስመር ወስዶ አንዱ ሲቆረጥ በሌላው መቀጠል የሚታሰብ ሆነ። ይህ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ለምትርቀው ሀዋሳ ትልቅ ነገር ነው። በሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል እንግዳውን የሚመዘግበው፣ አቶቴ ያለ ክሊኒክ ውጤት የሚልከው በዚሁ መስመር ነው።

ሁለት መስመር ሲኖር ቢጂፒን የሚያስኬድ ሶፍትዌር መምረጥ ግድ ነው። ታዲያ ለምን ክፍት ምንጭ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ላይሰንስ በዶላር እየከፈሉ ትልልቅ ራውተር ማስገባት ለትንሽ ድርጅት የሚቻል አይደለም። የሚክሮቲክን ራውተር አልንቅም፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ግን ውስጡን ከፍቶ ማየት አይቻልም። ሊኑክስ የተጫነበት ደህና ሰርቨር ደግሞ እንደ እኛ ያለ ትንሽ አቅራቢ የሚኖረውን ትራፊክ ያለ ችግር ያስተላልፋል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ሰንጠረዥ 512 ሺህ መንገድን ሲሻገር የብዙ አሮጌ ራውተሮች ሜሞሪ ሞልቶ በየአገሩ ኢንተርኔት ተቆራርጦ ነበር። አሁን ሰንጠረዡ ወደ አንድ ሚሊዮን ደርሷል፤ ለተራ ሰርቨር ግን የጥቂት ጊጋባይት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ፍጥነት መምረጫ መሆን የለበትም። እኔ የማየው የተሳሳተ ትእዛዝ ሲሰጠው ሶፍትዌሩ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ምርጫው ከሁለት አይወጣም፤ ኤፍአርአር እና በርድ። ኤፍአርአር ዘሩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን የተጀመረው ዜብራ ኳጋን ወለደ፤ የኳጋ ሥራ ሲንቀራፈፍ ደግሞ አልሚዎቹ ተለይተው እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያውን ኤፍአርአር አወጡ። በርድ የፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥራ ነበር፤ ዛሬ የቼክ የዶሜይን መዝጋቢ ድርጅት ይንከባከበዋል፤ ታላላቅ የኢንተርኔት መገናኛ ማዕከላትም ይጠቀሙበታል። ኳጋን ዛሬም የሚጭን አለ። እኔ አልጭነውም፤ ኮዱን የሚያርም ሰው የሌለው ሶፍትዌር ነጻ ቢሆንም ውድ ነው።

ኤፍአርአርን የሚያስመርጠኝ ሰዉ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡት ልጆች ኔትወርክ የተማሩት በሲስኮ ትእዛዝ ነው፤ የኤፍአርአር አጻጻፍም ከዚያው ጋር ይመሳሰላል። ሌሊት ፒያሳ ያለው ጣቢያ ሲወድቅ የሚሄደው ልጅ መመሪያ ሳያገላብጥ «ሾው አይፒ ቢጂፒ ሰመሪ» ብሎ ሥራውን ይጀምራል።

ግን አንድ የማውቀው ወጥመድ አለ። ኤፍአርአር ከ7.4 ቨርዥን ጀምሮ ማጣሪያ ካልተጻፈለት ከውጭ ጎረቤት መንገድ አይቀበልም፣ አይልክምም። ልጁ ይደውላል፦ «ጋሼ፣ ሴሽኑ ተነስቷል፤ ራውት ግን አይገባም።» የመንገዶች ቁጥር በሚታይበት ዓምድ ላይ በቅንፍ «ፖሊሲ» የሚል ቃል ይነበባል። ሶፍትዌሩ ማጣሪያ ጻፍልኝ ማለቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የሚያገኘው መፍትሔ ግን ጥበቃውን በአንድ ትእዛዝ የሚያጠፋ ነው፤ ያጠፋዋል፣ ሁሉም ይሠራል፣ ማንም አያይም። ያ በር ክፍት ሲቀር ከአንዱ ኦፕሬተር የሰማነውን መንገድ ለሌላው እናወራለን፤ የሌላ ሰው ትራፊክ በእኛ ቀጭን መስመር ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት የጻፈው መንገድ ወደ ውጭ አፈትልኮ ዩቲዩብን በዓለም ዙሪያ ለሁለት ሰዓት ያህል አጥፍቶታል።

ስለዚህ ከኦፕሬተሮቹ ጋር በምንገናኝበት ጠርዝ ላይ በርድን አስቀምጣለሁ። ማጣሪያው እንደ ፕሮግራም ነው የሚጻፈው፤ ለሚያነበው ሰው ግልጽ ነው። ከሁሉ በላይ የምወደው «ኮንፊገር ታይምአውት» የሚለውን ትእዛዝ ነው። አዲሱን ፋይል ያነባል፤ በ300 ሰከንድ ውስጥ «ኮንፊገር ኮንፈርም» ካላልኩት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ራሴን ከሩቅ ራውተር ቆልፌ ብወጣ እንኳ አምስት ደቂቃ ጠብቄ መልሼ እገባለሁ። ሆኖም የሚመልሰው በሥራ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለው የተሳሳተ ፋይል እንዳለ ይቀመጣል። በዚያ መሃል መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም ካለቀ ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው ስሕተቱን ነው። ኤፍአርአር በተቃራኒው የተጻፈለትን ወዲያው ይፈጽማል፤ «ራይት» ካላሉት ግን መብራት ሲመጣ ሁሉንም ረስቶ ይነሳል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት በቃሉ መያዝ አለበት።

ሁለት ሶፍትዌር መያዝ ለትንሽ ቡድን ሸክም ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ጠርዙን የሚነካው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። ከተማው ውስጥ ያሉትን ጣቢያዎች ደግሞ ሁሉም ይነካካቸዋል፤ እዚያ የውስጥ መንገድ የሚያሰላውን ኦኤስፒኤፍን በኤፍአርአር ማስኬድ ይበቃል። በጠርዙ ላይ የሚሠራ ስሕተት ለማያውቁን ሰዎች ይተርፋል፤ ለዚያ ስል ሁለተኛውን ለመማር የሚጠፋው ጊዜ አይቆጨኝም።

ሁለተኛው መስመር ከመገናኘቱ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። የአድራሻው ባለመብት መንገዱን ማን ማወጅ እንደሚችል የአፍሪካ የአድራሻ መዝጋቢ በሆነው በአፍሪኒክ በኩል፣ አርፒኪአይ በተባለው የመንገድ ማረጋገጫ ሥርዓት ማስመዝገብ አለበት። የሌሎችን ምዝገባ ማጣራት ሁለቱም ሶፍትዌሮች ይችላሉ፤ ዝርዝሩን አውርዶ የሚያረጋግጥላቸው እንደ ራውቲኔተር ያለ ፕሮግራም ግን ይፈልጋሉ። እሱን በሌላ ማሽን ላይ እጭነዋለሁ፤ ዲስክ ሞልቶበት ቢቆም ራውተሩ ሥራውን ይቀጥላል።