ከምላጩ የምትቀድም መርፌ

ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና አይራ ባሉ ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ብዙ ጊዜ የምትደርሰው ምጡ ከጠናባት፣ የእንሽርት ውሃዋም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ለኢንፌክሽን በር የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። እኔ የማደንቀው ይህን በር የምትዘጋውን አንዲት መርፌ ነው፤ አምፒሲሊን ወይም ሴፋዞሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በደም ሥር፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ።

ድሮ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ እንዳያልፍ ተብሎ እትብቱ ከታሰረ በኋላ ይሰጥ ነበር። ኋላ ግን ቀድሞ መስጠት እናትን ይበልጥ እንደሚጠብቅ ታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ መከረ። ምላጩ ሲያርፍ መድኃኒቱ ሥጋ ውስጥ ቀድሞ መገኘት አለበታ! እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ከ15,000 በላይ እናቶች የተሳተፉባቸውን 95 ጥናቶች የመረመረ ሥራ፣ መድኃኒቱ የቁስልና የማህፀን ኢንፌክሽንን 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ከሁሉ የምወደው አንዴ ብቻ መሆኗን ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም ካለቀ ለቀናት መደጋገም አያሻም፤ መደጋገሙ ጀርሞችን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምዳል። ያቺ አንዲቱ ከተረሳች ግን መዘዙ ከባድ ነው፤ ቁስሏ ላመረቀዘ የቄለም ወለጋ ገጠር አራስ ወደ ሐኪም መመለስ ረጅም መንገድ ነው። ሌሊት ተጠርቶ፣ በጥድፊያ መሃል እንኳ ይህችን መርፌ የማይዘነጋውን የሰመመን ባለሙያ ከልቤ አመሰግነዋለሁ።