ስለ ልዩ ልዩ ቅርሶች አመዘጋገብ

በገና፣ የብራና ዳዊት፣ የበገና መዝሙር የተቀዳበት ካሴት በአንድ ቤተ መዘክር ሲሰበሰቡ፣ ሦስቱም በአንድ መዝገብ ተፈልገው እንዲገኙ መሻት ተገቢ ነው። ነገር ግን ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዓምድ ማበጀት ተገቢ መሆን አለመሆኑ ሊመረመር ይገባዋል።

በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በደብሊን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1995 በተደረገ ስብሰባ የተጀመረው፣ ኋላም በ15 አርእስት የጸናው «ደብሊን ኮር» የተባለው ሥርዓት ለፍለጋ የታሰበ ነው፤ በዚህም መጠን ይመሰገናል። ጉድለቱ የሚታየው ይህንኑ የመፈለጊያ ቅጽ የመዝገቡ ዐፅም ሲያደርጉት ነው። የካሴቱ «ሠሪ» ማን ሊባል ነው? ደርዳሪው ነውን? በገናውን ጠርቦ ያበጀው ነውን? ወይስ ድምፁን የቀዳው ሰው? «ተባባሪ» የሚል ሌላ ርእስ ቢኖርም የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ አያስረዳም። ከብዙ ዘመን በኋላ መዝገቡን የሚመለከት ተማሪ ደርዳሪውን ከቀጂው መለየት ይሳነዋል።

ከዚህ ለመሸሽ አንዳንዶች ሁሉን በሦስት ዓምዶች፣ ይኸውም በዕቃው ቁጥር፣ በጠባዩ ስምና በጠባዩ ዋጋ ብቻ ይጽፋሉ። ይህ ማናቸውንም ዕቃ ይቀበላል፤ ነገር ግን የበገናው አውታር ብዛት በአንዱ ረድፍ «10»፣ በሌላው «ዐሥር»፣ በሦስተኛውም «ብዙ» ተብሎ ቢጻፍ ሰንጠረዡ ራሱ የሚከለክልበት መንገድ የለውም።

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የተዛማጅ ሰንጠረዦች ትምህርት የተሻለ መንገድ ይሰጣል። ለሁሉ የጋራ የሆነው፣ ማለት መለያ ቁጥሩና የተቀመጠበት ስፍራ፣ በአንድ ሰንጠረዥ ይጻፋል፤ የብራናው ቅጠል ብዛት፣ የበገናው አውታር፣ የካሴቱ ርዝመት ግን በየራሳቸው ሰንጠረዥ ሆነው በዚያው ቁጥር ይያያዛሉ። ዳዊቱም አንድ ጥራዝ ሲሆን ከመዝሙሩ ሌላ ጸሎተ ነቢያትን፣ መኃልየ መኃልይንና ውዳሴ ማርያምን አብሮ ስለሚይዝ፣ ጥራዙና ድርሰቱ ተለይተው በአገናኝ ሰንጠረዥ ሊገጣጠሙ ይገባል። ሰዎቹም በድርጊታቸው ይመዘገባሉ፤ ሠራ፣ ደረደረ፣ ቀዳ እየተባለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው የቤተ መዘክሮች ሥርዓት፣ «ሲዶክ» የሚባለው፣ ድርጊትን ማእከል ያደረገው ስለዚህ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰንጠረዥ ሲበዛ ድካሙም ይበዛል፤ አዲስ ዓይነት ዕቃ በመጣ ቁጥርም አዲስ ሰንጠረዥ ማበጀት ያሻል። ይሁን እንጂ ይህን ድካም መዝጋቢው አንድ ጊዜ ቢሸከመው ይሻላል፤ ካልተሸከመው የደርዳሪው ስም በተሳሳተ ዓምድ ተቀብሮ ይቀራል፤ ደርዳሪው ካለፈ በኋላ ደግሞ ስሙን ጠይቆ ማቃናት አይቻልም።