ኢንዛይም ያለ ውኃ ይሠራልን?

በኬሚስትሪ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ከምንሰማቸው ነገሮች አንዱ፣ ኢንዛይም ከውኃ ሲወጣ ኃይሉን ያጣል የሚለው አሳብ ነው። ይህን አሳብ ዛክስና ክሊባኖቭ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ አናወጡት። ከዐሣማ ቆሽት የተገኘው ሊፓዝ ከመቶ 99 እጅ ኦርጋኒክ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ሠራ፤ ውኃው ይበልጥ ሲቀነስለትም የ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ቻለ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ነገሩ ሲነገርና ሲወራረስ ሦስት ስሕተት ይታይበታልና ልንነቅፈው ይገባል።

አንደኛ፣ «ያለ ውኃ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ኢንዛይሙን እንደ ቀጭን ልብስ የሚከበው ጥቂት ውኃ አለ። እንደ ሜታኖል ያለ ውኃ ወዳድ ፈሳሽ ይህን ልብስ ሲገፍፈው ሥራው ይደክማል፤ እንደ ኦክቴን ያለው ግን ይተውለታል። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው የውኃው መጠንና ያለበት ቦታ ነው።

ሁለተኛ፣ መጽናትና መሥራት ይደባለቃሉ። በቢቸና ወይም በሞጣ አንዲት ጠላ ጠማቂ ገብሱን አብቅላ፣ በፀሐይ አድርቃ ብታስቀምጠው፣ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው አሚላዝ በደረቁ ብቅል ውስጥ ይቈያል። ሥራውን የሚጀምረው ግን ውኃ ሲያገኝ ነው። ድርቀቱ አጸናው እንጂ አላሠራውም። እንደዚሁም ኪሞትሪፕሲን በደረቅ ኦክቴን ውስጥ የሚሠራው በውኃ ውስጥ ካለው ፍጥነት ከሺህ እጥፍ በላይ ቀንሶ ነው። የጽናቱን ቍጥር አጕልቶ የፍጥነቱን መሸፈን አንባቢን ማታለል ይሆናል።

ሦስተኛ፣ «አዲስ» የሚባለው ሁሉ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አቦትና ባልደረቦቹ ኮሊን ክሎራይድንና ዩሪያን ቀላቅለው በ12 ዲግሪ የሚቀልጥ ፈሳሽ አስተዋወቁ። ዩሪያው ገበሬያችን በጤፍ ማሳው የሚበትነው ነው። በውኃ ውስጥ የበዛ ዩሪያ ፕሮቲንን የሚያፈርስ ሲሆን፣ በ2008 በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ሊፓዝ መሥራቱ ታየ። ውጤቱ ያስደንቃል፤ ይሁን እንጂ ፈሳሹ ወፍራም ስለ ሆነ ለማማሰልም፣ የተሠራውን ነገር ለይቶ ለማውጣትም ያስቸግራል።

ንብ ግን ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ከጥንት ጀምሮ ትሠራለች። በበሰለ ማር ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 20 እጅ እምብዛም አይበልጥም። ንቧ የጨመረችው ኢንቨርታዝ በዚያ ወፍራም ስኳር ውስጥ ቀስ እያለ መሥራቱን ይቀጥላል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ደግሞ በበሰለው ማር ውስጥ ተኝቶ ይቈይና ማሩ በውኃ ሲበረዝ ይነቃል። አንዱ እየሠራ ሌላው የሚተኛው ለምንድር ነው? ይህ ጥያቄ በእጃችን ያለ ነው።

ስለዚህ የውጭውን ምርምር በውድ ፈሳሽ ከመድገም ይልቅ፣ የሞጣንና የቢቸናን ማር በውኃው መጠን ለይተን የኢንቨርታዙን ፍጥነት ብንለካ ይሻላል። የሚያስፈልገን ሪፍራክቶሜትር፣ የስኳር መለኪያና ትዕግሥት ነው። ውጤቱ ትንሽም ቢሆን የራሳችን ይሆናል፤ «ያለ ውኃ» የሚለውንም ቃል በቍጥር እንድንመዝነው ያደርገናል።