«ይቀጥላል» ያልተባለለት አጥቂ

ሮይ ሬስ የተወለደው በመስከረም 1954 እ.ኤ.አ.፣ «ታይገር» በተባለው የእንግሊዝ ልጆች ሥዕላዊ መጽሔት ገጽ ላይ ነው። ደራሲው ፍራንክ ፔፐር ነበር። የሚጫወትበት ክለብ ሜልቸስተር ሮቨርስ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ሆኖም በ1976 በስሙ የራሱን መጽሔት አገኘ፤ እስከ 1993ም ዘለቀ።

ለዚህ ዕድሜው ጎሎቹ ይመሰገናሉ። እኔ ግን አልስማማም። ሮይ እንደሚያገባ አንባቢው አስቀድሞ ያውቃል። ልቡን ሰቅሎ የሚያቆየው ኳሷ አየር ላይ እያለች ገጹ ማለቁና ሳምንት መጠበቁ ነው። ደራሲዎቹም ይህን ያውቁ ስለነበር በ1981 ሮይን በጥይት አስመቱት፤ በ1993 ደግሞ በሄሊኮፕተር አደጋ ግራ እግሩን አሳጡት። ጎል ብቻውን ጀግና አያቆይም።

ወደ አዳማ እንምጣ። ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ የአዳማ ከተማው አጥቂ ዳዋ ሆቴሳ ለኢትዮጵያ ተሰልፎ ገና በ4ኛው ደቂቃ የካሜሩንን መረብ ነካ። መሪነቱ የቆየው አራት ደቂቃ ነው፤ ጨዋታውም 4 ለ 1 አለቀ። ፔፐር ቢሆን እነዚያን አራት ደቂቃዎች ብቻ አንድ ሙሉ እትም ያደርጋቸው ነበር! በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ዳዋ ግብፅ ላይ አገባ፤ ሽመልስ በቀለ ደገመ፤ 2 ለ 0። «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ የአገራችን ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት አላሟሉምና።

የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ድላችንም እንደ ዳዋ ጎሎች «ይቀጥላል» አልተባለለትም። ግብፅ ሁለቴ መራች፣ ሁለቴ አቻ ሆንን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን፤ ተረኩ እዚያ ላይ ይቆማል። ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ጣሊያን መግባቱ ግን ሌላ ምዕራፍ ነበር። ክፍል በክፍል መተረክ አናውቅም እንዳይባል፣ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አገር ጆሮውን ሰጥቶ ሰምቷል። ያ ጥበብ ወደ ኳስ ሜዳ ብዙም አልተሻገረም።

ክፍተቱን የእንግሊዝ ሊግ ሞልቶታል። የአዳማ ልጅ በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የአርሴንና የማንቼን ጉዳት፣ ዝውውርና ጭቅጭቅ እንደ ተከታታይ ድራማ ይከታተላል። የኛ ፕሪሚየር ሊግም በ2013 ዓ.ም. በሱፐርስፖርት መታየት ጀመረ፤ ካሜራ ጠፋ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ውድድሩ ከዚያው ዓመት ወዲህ ክለቦችን ሁሉ አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እየተዛወረ ሲካሄድ ቆይቷል። ተራው ሲደርስ አዳማ ሌሎች ክለቦችን ያስተናግድ ነበር፤ የራሱ ቡድን ግን ብዙውን ወቅት ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ነበር። ሜልቸስተር ምናባዊ ከተማ ሆና ሳለ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጀግናዋን በሜዳዋ ታገኝ ነበር።